ቁጥሩ ያልገጠመው ኮልት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮሎራዶ ነው። የባለቤቴ አያት ሲሞቱ አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ኮልት ትተውለታል። ቱቦው አምስት ተኩል ኢንች ነው፤ በግራ ጎኑ ‹ዩ.ኤስ› የሚል ፊደል ተመትቶበታል። ከሆዱ ሥር ያለው ቁጥር በ112 ሺህ ይጀምራል፣ የምላጩ መከለያ ላይ ያለው በ47 ሺህ፣ የእጀታው ግርጌ ላይ ያለው ደግሞ በ131 ሺህ። አንድ ነጋዴ ገና እንዳየው ‹ከሦስት ሽጉጥ ፍርስራሽ የተገጣጠመ ነው፣ ለብረቱ ያህል እከፍላችኋለሁ› አለን። ክፍሎቹ የመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን በምን እናውቃለን? ባለቤቴ እስከዚያው በብርጭቆ ወረቀት ላጽዳው እያለ ነው።»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የብርጭቆ ወረቀቱን ከባለቤትዎ እጅ ይቀበሉት። የሰውዬው ስሜት ይገባኛል። አያቴ ግድግዳ ላይ የሰቀሏትን ውጅግራ ሳይወለውሉ በዓል ውለው አያውቁም፤ እኛ ዘንድ መሣሪያ የሚከበረው በመወልወል ነው። እዚህ ግን ፍርድ የምሰጥባቸው ምልክቶች ሁሉ ያሉት በብረቱ ቆዳ ላይ ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ፣ የዝገቱ ቀለም፣ የብሎኑ አንገት። የግማሽ ሰዓት ፍተጋ የመቶ አርባ ዓመት ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። አቧራውን በንጹሕ ጨርቅና በጠብታ ቀጭን ዘይት ያንሱለት፣ ሌላ ምንም።

ቀጥሎ ባዶነቱን ያረጋግጡ። መቺውን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲስቡት ሁለተኛው «ቀጭ» ላይ ያቁሙት፤ በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ይክፈቱና ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ እያዞሩ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ይዩ። እጅዎ ካልለመደው መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ወስደው ያስደርጉት። ተኩሶ መሞከር የሚባል ነገር አይታሰብ። ይህ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ጥይት ከበሮውን ሊያፈነዳው ይችላል።

አሁን ወደ ነጋዴው ቃል ልምጣ። የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ሽጉጥዎ በእርግጥም የሦስት፣ ምናልባትም የአራትና የአምስት ሽጉጦች ክፍል ነው። «ስለዚህ ዋጋ የለውም» ያለው ግን አይከተልም፤ እንዲያውም የላኩልኝን ፎቶግራፍ ሳይ ልቤ የመታው ቁጥሮቹ ስላልገጠሙ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮልት የሚለው ስም በብዙ ሰው አፍ የማንኛውም ሽጉጥ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ወደ ቋንቋችን ገብቷል። የእርስዎ ግን ስሙን ከነባለቤቱ የያዘው ነው። ኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የኮልት ፋብሪካ ይህን ዓይነት ሽጉጥ ማምረት የጀመረው በ1873 ነው። ልኩ ካሊበር 45፣ ለአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር የተሠራው ቱቦው ሰባት ተኩል ኢንች ነበር። መንግሥት እስከ 1890ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ 37,000 የሚሆን ገዝቷል። ዋናው አካልና የምላጭ መከለያው ከሆዳቸው፣ የእጀታው የጀርባ ብረት ደግሞ ከግርጌው አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታባቸው ነበር። «ዩ.ኤስ» የሚል የመንግሥት ምልክት በተመታባቸው የጦሩ ሽጉጦች ላይ ከበሮውና ቱቦውም ቁጥር ነበራቸው፣ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች። የቱቦው ቁጥር የተደበቀው ከሥሩ፣ ቀለህ ማስወጫው ዘንግ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ስለሆነ እሱ ሳይነሣ አይታይም።

በ1892 ጦሩ ኮልቱን ትቶ በካሊበር 38 ሽጉጥ ተካው። አሮጌዎቹ ግምጃ ቤት ገቡ። ከ1895 ጀምሮ ግን እነዚያን ረጃጅም ሽጉጦች እያወጡ ቱቦአቸውን ወደ አምስት ተኩል ኢንች ማሳጠር ተጀመረ፤ ሥራው በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት ፋብሪካና በራሱ በኮልት ፋብሪካ እየተከናወነ እስከ 1903 ዘለቀ። በዚህ መሀል የፊሊፒንስ ጦርነት መጣ፤ አዲሱ 38 የሚሮጥ ሰው አያቆምም የሚል ስሞታ በዛና አሮጌው 45 እንደገና ተፈለገ። ሰብሳቢዎች እነዚህን ያጠሩ ሽጉጦች «የመድፈኛ ኮልት» ይሏቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የተሰጡት ለቀላል መድፍ ክፍሎች ስለነበር ነው።

አሁን ሠራተኞቹ ምን እንዳደረጉ ይዩልኝ። ሽጉጦቹን ፈታቱ፤ አካሉን ከአካል ጋር፣ መከለያውን ከመከለያ ጋር፣ ከበሮውን ከከበሮ ጋር በየሣጥኑ ከመሩ፤ አጸዱ፣ ቀለም አለበሱ፤ ከዚያ እጃቸው የደረሰበትን እያነሡ ገጠሙ። የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደሄደ ማንም ግድ አልሰጠውም፣ ወታደሩ የሚፈልገው የሚተኩስ ነገር ነበርና። ቀደም ብለው ከተሠሩት ቁጥራቸው ሳይበተን የቀሩ አሉ፤ ከመድፈኛ ኮልቶች አብዛኞቹ ግን የተቀላቀለ ቁጥር ይዘው ነው ከመንግሥት እጅ የወጡት። ስለዚህ ለእርስዎ ሽጉጥ የሚቀርበው ጥያቄ «ክፍሎቹ አብረው ተወልደዋል ወይ» አይደለም። አልተወለዱም። አብረው አርጅተዋል ወይ ነው።

ይህን የሚመልሱልዎ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹን ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮት ብርሃንና በአጉሊ መነጽር ማየት ይችላሉ።

ከቁጥሮቹ ልጀምር። 47 ሺህ ማለት 1878 አካባቢ ነው፤ 112 ሺህ የ1880ዎቹ አጋማሽ፤ 131 ሺህ ደግሞ 1890 ገደማ። ሦስቱም ጦሩ ሽጉጥ ይረከብ በነበረባቸው ዘመናት ውስጥ ይወድቃሉ። ጥሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ 200 ሺህን ያለፈ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል ከ1900 ገደማ ወዲህ ከተሠራ የሲቪል ሽጉጥ የመጣ ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ይሰበር ነበር። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መከለያው ላይ ይፈልጉ፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጡ «ቪ» እና «ፒ» የሚሉ ሁለት ትንንሽ ፊደላት። ይህ ፋብሪካው ከ1900 በኋላ መምታት የጀመረው የፍተሻ ምልክት ነው። የ1878 ቁጥር ባለው መከለያ ላይ ካገኙት ወይ ሽጉጡ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ተጠግኗል፣ ወይ ቁጥሩ ሐሰት ነው።

ቱቦው ብዙ ይናገራል። የኮልት ስምና የሃርትፎርድ አድራሻ በላዩ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል። ያ ጽሑፍ ሲመታ ቱቦው ገና ሰባት ተኩል ኢንች ነበር፤ ሁለት ኢንች የተቆረጠለት ከአፉ በኩል ነው። ስለዚህ በመድፈኛ ኮልት ላይ አድራሻው መሀል ላይ አይውልም፤ ወደ አፈሙዙ ጠጋ ብሎ ይታያል። በፎቶው ላይ የእርስዎ እንደዚያ ነው፣ ግን ፎቶ ያታልላልና በማስመሪያ ለክተው ከሁለቱም ጫፍ ያለውን ርቀት ይላኩልኝ። አድራሻው እኩል መሀል ላይ ካረፈ ቱቦው ሲወለድም አጭር የነበረ የሲቪል ቱቦ ነው። ከዚያ የአፈሙዙን ክብ ጠርዝ ይዩ። የፋብሪካ እጅ ጠርዙን አለስልሶ ይመልሰዋል፤ በጓሮ መጋዝ የተቆረጠ ግን ጠርዙ ስለታም ይሆናል ወይም በአንድ በኩል ያዘነብላል። ከፊት ያለችው ማነጣጠሪያም ተነሥታ እንደገና የተበየደች ናት፤ ቀጥ ብላ መቆሟንና ከሥሯ የተድቦለቦለ ብየዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ።

እጀታው አንድ ወጥ የዋልነት እንጨት መሆን አለበት። ጠፍጣፋው ጎኑ ላይ በብርሃን ሰያፍ ሲያዩት የመርማሪው ስም መነሻ ፊደላት በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይወጣሉ። ጦሩ እያንዳንዱን ሽጉጥ የሚረከበው በራሱ መርማሪ ነበር፤ በ1870ዎቹ አጋማሽ ኦርቪል ኤንስዎርዝ፣ በ1878 ሄንሪ ኔትልተን፣ በ1880ዎቹ ዴቪድ ክላርክ። ሪናልዶ ካር ደግሞ ማሳጠሩን ሥራ ከመረመሩት ነው፤ «አር.ኤ.ሲ» የሚለው ፊደሉ በመድፈኛ ኮልቶች እንጨት ላይ በብዛት ይገኛል። በእርስዎ እንጨት ላይ የካር ማህተም ቢኖርና ከሥሩ የሌላ መርማሪ ማህተም ደብዝዞ ቢታይ አይደንግጡ፤ አሮጌው እንጨት ተፍቆ ለሁለተኛ ጊዜ ተመርምሯል ማለት ነው፤ ከዚያ የሚሻል ማስረጃ ብዙ የለም። የኤንስዎርዝ ማህተም ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ትናንት ቢታይ ግን ያኔ ይደንግጡ። የሱ ፊደላት ያሉበት ሽጉጥ በ1876 ሰኔ 25 ጆርጅ ከስተር ከነወታደሮቹ በወደቀበት በሊትል ቢግሆርን ጦርነት ዘመን የተሰጠ ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነው፤ የኤንስዎርዝ ማህተም የሐሰተኞች እንጀራ ከሆነ ቆይቷል።

ከሁሉ በላይ የማምነው ግን እርጅናውን ነው። ክፍሎቹ ከተለያየ ዓመት ቢመጡም በ1900 አካባቢ አብረው ተጸድተዋል፣ አብረው ቀለም ለብሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ አፎት፣ በአንድ መሳቢያ፣ በአንድ ሰው ላብ ከርመዋል። ስለዚህ የምላጩ መከለያ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይከተሉ። ቡናማው የዘመን ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ካለፈ፣ አንድ የዝገት ጥርስ ሁለቱንም ብረት እኩል ከበላ፣ መስመሩ ላይ የተጠራቀመው ጥቁር እድፍ ካልተነካ፣ እነዚህ ብረቶች ለመቶ ዓመት አልተለያዩም። አካሉ ቡናማ ሆኖ መከለያው ጥቁር ሰማያዊ ልባሱ ገና ሙሉ ከሆነ፣ ወይም መከለያው በዝገት ተቦርቡሮ አካሉ ለስላሳ ከሆነ ቅርብ ጊዜ ገብቷል። የብሎኖቹን ራስ ደግሞ አይርሱ። ካቻቪቴ ያንሸራተተበት፣ መስመሩ የተበላ ብሎን ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ግን አንድ ሰው እዚያ ቦታ እንደገባ ይነግርዎታል።

ከበሮው ላይ ብዙ አልቆይም። የጥቁር ባሩድ ዘመን ከበሮ የፊት ጠርዙ ሰፋ ተደርጎ የተሸረፈ ነው፤ ከውጭ ያሉት መቆለፊያ ቁርጦችና የእርጅና ጭረታቸው ስድስቱም ላይ ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። መቺው ሲሳብ አራት ጊዜ ቀጭ ካለ የውስጥ ዕቃው ደህና ነው፤ የጥንት ተኳሾች አራቱን ድምፅ «ሲ፣ ኦ፣ ኤል፣ ቲ» እያሉ በፋብሪካው ስም ፊደላት ይቆጥሩታል።

«ታዲያ ቁጥሩ ሁሉ ቢገጥም አይሻልም ነበር?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለፈረሰኛው ረጅም ኮልት አዎ፣ እጅግ ይሻላል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። ዋጋውን የሚያንረው የቁጥሮቹ መግጠም ስለሆነ የሚጭበረበረውም እሱ ነው። የመድፈኛ ኮልት ገዝተው፣ ረጅም ቱቦ ከሌላ ቦታ ፈልገው፣ የመከለያውንና የእጀታውን ቁጥር በሞረድ አጥፍተው አዲስ የሚመቱ አሉ። እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የመሣሪያ ባዛር ላይ ሦስቱም ቁጥሮች አንድ የሆኑለት የፈረሰኛ ኮልት አየሁና ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ በደስታ ከፈልኩ። ሳምንት አልቆየም፤ አንድ ማታ አምፑሉን ከጎን አድርጌ ሳገላብጠው የመከለያው ሆድ ቁጥሩ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ብሎ አየሁት። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያውም ሟሙቷል። በመለኪያ ስለካው ብረቱ ከጎኑ ካለው ይልቅ ስስ ነው። አሮጌው ቁጥር ተፍቆ በቦታው አዲስ ተመትቷል። የከፈልኩትን ግማሽ እንኳ ሳላስመልስ ሸጥኩት፤ ለገዢው እውነቱን ተናግሬ ስለነበር።

ስለዚህ ቁጥር ሲያዩ አሃዙን ብቻ አያንብቡ። ፋብሪካው ቁጥሩን የመታው ቀለም ከመልበሱ በፊት ስለነበር በአሃዙ ወለል ውስጥ ያለው ቀለምና እርጅና በዙሪያው ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በኋላ የተመታ አሃዝ ከንፈሩ ላይ ብረት ወደ ላይ ይገፋል፤ ጥፍርዎን ቢያሳልፉበት ይይዝዎታል፤ ወለሉም ያበራል ወይም በአሲድ የጠቆረ ይመስላል። የአሃዞቹን ቅርጽ ደግሞ ከአካሉ ጋር ያስተያዩ፤ የ«4» ጫፍ፣ የ«7» አንገት፣ የ«1» እግር። የእርስዎ ሦስት ቁጥሮች አለመግጠማቸው እዚህ ላይ ይረዳዎታል። ውሸታም ሊያታልልዎ ቢፈልግ ኖሮ አንድ አድርጎ በመታቸው ነበር።

ሌላ የሲቪል ኮልት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ምሕረት ለራሳችሁ አትውሰዱ። «ዩ.ኤስ» የሌለው ሽጉጥ በመንግሥት ፋብሪካ ተበትኖ አልተገጠመም፤ የሱ ሦስት ቁጥሮች መግጠም አለባቸው። እዚያ የሚያስጠረጥሩት ከዘመኑ የማይስማሙ ዕቃዎች ናቸው። ቀለህ ማስወጫው ዘንግ ጫፉ ላይ እንደ ቀለበት ክብ ራስ ካለው ከ1880ዎቹ መጀመሪያ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ግማሽ ጨረቃ ሆነ። የከበሮውን ዘንግ የሚይዘው ብሎን ከፊት ሰያፍ የሚገባበት አካል የቀድሞው ነው፤ ከጎን ወደ ጎን በስፕሪንግ የሚገፋው በ1890ዎቹ መጥቶ በ1896 ገደማ መደበኛ ሆነ። ንስር የተቀረጸበት ጥቁር የጎማ እጀታ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1890ዎቹ አጋማሽ ያለው ዘመን ነው፤ እንጨት ይዞ የተወለደ የ1875 ሽጉጥ ላይ ካያችሁት ኋላ የመጣ ነው። ከጣሊያን የሚመጡ የቅጂ ክፍሎችም ብዙ ናቸው፤ በደንብ ይሠራሉ፣ ይገጥማሉም። የሚያጋልጣቸው በማይታየው ጎን የተመታው የጋርዶኔ ከተማ የፍተሻ ማህተምና በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ፊደል የዓመት ምልክት ነው። ከተማዋን ብዙዎቻችሁ በስም ባታውቋትም ሥራዋን ታውቃላችሁ፤ ቤሬታ ሽጉጥ የሚሠራባት ናት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የኮልት ድርጅት መዝገብ ቤት በቁጥሩ ፈልጎ ሽጉጡ መቼ፣ በምን ዓይነት ቱቦና ቀለም፣ ወደ ማን እንደተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ በክፍያ ይጽፋል። ይጠይቁ፤ ግን በአካሉ ቁጥር፣ በ112 ሺሁ ይጠይቁ። ደብዳቤው የሚነግርዎ አካሉ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ነው፤ ቱቦው ሰባት ተኩል ኢንች ነው ብሎ ቢጽፍ ሽጉጥዎ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም፣ ያኔ እንደዚያ ነበር።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። በ1968 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ይባላል፤ የሚታየውም የአካሉ ዕድሜ ስለሆነ የእርስዎ በዚህ ውስጥ ይገባል። የግዛትዎን ሕግ ግን ለብቻው ይጠይቁ። ወደ አገር ቤት ይዤው ልሂድ የሚል ሐሳብ ከመጣም ይተዉት፤ እዚህ ጥንታዊ መባሉ ቦሌ ላይ አይሠራም፣ እዚያ የሚጠብቅዎ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ቀለህ ማስወጫውን ቤት የያዘው ብሎን አንድ ብቻ ቢሆንም ራስዎ አይፍቱት፤ መቶ ዓመት የተቀመጠ ብሎን በቤት ካቻቪቴ ሲነካ ራሱ ይበላል። ልኩ የተስተካከለ ካቻቪቴ ያለው ጠጋኝ ያንሣልዎትና ከቱቦው ሥር ያለውን ቁጥር፣ ከከበሮው ቁጥር ጋር አብረው ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። የአድራሻውን ልኬትና የእንጨቱን ሁለት ጎንም አይርሱ። ነጋዴው እስከዚያ ከደወለ «ቁጥሩ እንዳይገጥም ያደረገው ማን እንደሆነ እያጣራን ነው» ይበሉት፤ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ የዋጋውን ነገር ራሱ ያነሣል።